ከባልቲሞር ወደ ቤርሙዳ፣ 5 ሌሊት፦ የእራት ሰዓት፣ የፎርማል ማታ ልብስና የፍልሰታ ጾም

ሰብለ_ሜሪላንድ፦

ሰላም ለሁላችሁም። በኦገስት ሁለተኛ ሳምንት ከባልቲሞር በሮያል ካሪቢያን «ቪዥን ኦፍ ዘ ሲዝ» ለ5 ሌሊት ወደ ቤርሙዳ እንሄዳለን። 11 ሰው ነን፣ በ4 ካቢን፤ እናቴ፣ ሁለት አክስቶቼ፣ የቀረነው ባለትዳሮችና ልጆች። ሁለቱ ካቢን በኤጀንት፣ ሁለቱ ደግሞ ራሳችን በኦንላይን የያዝናቸው ናቸው። የእራቱን ሰዓት ቋሚ እናድርገው ወይስ «ማይ ታይም» የሚሉትን እንምረጥ? ሁላችንም አንድ ጠረጴዛ እናገኛለን? ፎርማል ማታ ላይ ለወንዶቹ ሱፍ ግዴታ ነው? እናቴና አክስቶቼ የሚለብሱት የሐበሻ ቀሚስ ነው። ከሁሉ በላይ ጊዜው ፍልሰታ ነው፤ ትልልቆቹ እስከ 9 ሰዓት ይጾማሉ። ፌስቡክ ላይ ሳነብ አንዱ ያለውን ሌላው ያፈርሰዋል።

ወደብ_ለወደብ፦

ሰዓቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ልጻፈው፣ መርከቡም የኩባንያው የስልክ አፕም የሚናገሩት እሱን ነውና።

ምርጫው ሦስት ነው። የመጀመሪያው ቋሚ ሰዓት 5:00 ወይም 5:30 አካባቢ ነው፣ ሁለተኛው ቋሚ ሰዓት 7:30 ወይም 8:00 አካባቢ። በሁለቱም በየማታው ያው ጠረጴዛ፣ ያው አስተናጋጅ። ሦስተኛው «ማይ ታይም» ነው፤ በየቀኑ በፈለጋችሁት ሰዓት ቦታ ትይዛላችሁ ወይም ሄዳችሁ ትሰለፋላችሁ፣ ጠረጴዛውም አስተናጋጁም ይለዋወጣል።

ለእናንተ የመጀመሪያው ቋሚ ሰዓት ነው የሚሻለው፣ ምክንያቱም ጾሙ ነው። 9 ሰዓት ማለት የፈረንጁ 3:00 ነው። የዋናው ቡፌ ምሳ በዚያ ሰዓት ገደማ መነሳት ይጀምራል፣ እራቱ ደግሞ እስኪከፈት ይቆያል። ትልልቆቹ 3:00 ላይ ቀለል ያለ ነገር ቀምሰው 5:30 ላይ ትኩስ እራት ቢቀርብላቸው ይመቻቸዋል። የኋለኛው ሰዓት ከሆነ ግን ጠረጴዛው ላይ እስከ 9:30 መቀመጥ ሊመጣ ነው፤ ልጆቹም እዚያው ያንቀላፋሉ።

ችግሩ የመጀመሪያው ሰዓት ቶሎ ይሞላል። ዛሬውኑ ሦስት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ የአራቱንም ካቢን የቦታ ማስያዣ ቁጥር አንድ ወረቀት ላይ ጻፉ። ሁለተኛ፣ አራቱም አንድ ዓይነት የእራት ምርጫ እንዳላቸው አረጋግጡ፤ አንዱ ካቢን «ማይ ታይም» ከሆነ ቁጥሮቹን ማገናኘቱ ለእራት አይሠራም። ሦስተኛ፣ «ቁጥሮቹን አገናኙልን፣ እራትም አንድ ላይ አስቀምጡን» ብላችሁ ጠይቁ። በኤጀንት የተያዙትን ሁለቱን ካቢኖች ማስተካከል የሚችለው ኤጀንቱ ብቻ ነው፤ እናንተ ብትደውሉ ኩባንያው «ኤጀንታችሁን አነጋግሩ» ብሎ ይመልሳችኋል። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፦ ግማሹ ይገናኛል፣ ግማሹ ይቀራል፣ የሚታወቀውም ከተሳፈሩ በኋላ ነው።

የ11 ሰው ጠረጴዛ ሁልጊዜ አይገኝም። 6 እና 5 ሆናችሁ ጎን ለጎን ልትቀመጡ ትችላላችሁ። የሚያስከፋ ነገር የለውም፣ እንዲያውም ምግቡ ቶሎ ይደርሳል። የጠረጴዛ ቁጥራችሁን በመርከቡ መታወቂያ ካርድ ወይም በአፑ ላይ ታገኙታላችሁ። ልክ ካልሆነ በተሳፈራችሁበት ከሰዓት በኋላ ወደ መመገቢያው አዳራሽ ሂዱ፤ ኃላፊው ለዚሁ ጉዳይ ይቀመጣል። እራት ሲጀመር ከመጣችሁ ግን እሱም ሥራ ላይ ነው፣ ክፍት ጠረጴዛውም ተይዟል።

ጉዞ_ወዳድ፦

በአንድ ነገር ከወደብ_ለወደብ አልስማማም። ቤርሙዳ ሲደርሱ መርከቧ ብዙ ጊዜ ወደቡ ላይ ታድራለች፤ ሰው ከባሕር ዳርቻ 6:00 ሲመለስ የመጀመሪያው ቋሚ ሰዓት ያለፈበት ነው። በ5 ሌሊት ጉዞ ውስጥ ይህ አንድ ወይም ሁለት እራት ነው። «ማይ ታይም» ከሆነ ያን ቀን ሰዓቱን ወደ ኋላ መግፋት ይቻላል። ጾመኛ ለሌለው ቤተሰብ ምርጫዬ «ማይ ታይም» ነው። ለሰብለ ግን ትልልቆቹ ይቅደሙ፤ ወደብ ላይ የምታድሩበትን ማታ ቡፌ ላይ ብትበሉስ ምን ይጎድላል?

ስለ ሰዓት ካነሳን፣ ቤርሙዳ ከባልቲሞር በ1 ሰዓት ይቀድማል። ስልክ ከደሴቱ ኔትወርክ ጋር ራሱ ሰዓቱን ሊቀይር ይችላል። ለእራትም፣ ወደ መርከብ ለመመለሻም አፑ ላይ የተጻፈውን የመርከቡን ሰዓት ብቻ ተከተሉ። ባሕር ላይ ስልካችሁ «ኤርፕሌን ሞድ» ላይ ሆኖ ዋይፋይ ብቻ ይከፈት፤ አፑን ለመጠቀም የኢንተርኔት ጥቅል መግዛት አያስፈልግም። ካልዘጋችሁት የመርከቡ የሞባይል ኔትወርክ ከእራቱ የበለጠ ያስወጣችኋል።

የጾም_ሹሮ፦

ስለ ጾሙ እኔ ልመልስ። ዋናው አዳራሽ ውስጥ በየማታው የቪጋን ምግብ ይገኛል፣ ብዙ ጊዜም የሕንድ የአትክልት ወጥ አለ። ግን ሦስት ወጥመድ አለው።

አንደኛ፣ «ቬጀቴሪያን» ማለት የጾም ማለት አይደለም፤ ዕንቁላልና አይብ አለበት። ሁልጊዜ «ቪጋን» በሉ፣ ከዚያም «ወተት የለም፣ ቅቤ የለም፣ ዕንቁላል የለም፣ የዶሮ መረቅ የለም» ብላችሁ አንድ በአንድ ቁጠሩላቸው። ሾርባው አትክልት ብቻ ቢመስልም የተሠራው በዶሮ መረቅ ሊሆን ይችላል። ሩዙና የተቀቀለው አትክልት መጨረሻ ላይ ቅቤ ይገባበታል። የሕንዱ ወጥም ቢሆን የተነጠረ ቅቤ ወይም ክሬም ሊኖረው ይችላል፤ በውስጡ ነጭ ኩብ ኩብ ነገር ካያችሁ ቶፉ ነው ብላችሁ አትለፉት፣ የሕንድ አይብ ሊሆን ይችላልና ጠይቁ።

ሁለተኛ፣ ምግቡ የሚዘጋጀው በብዛት ስለሆነ እዚያው ተቀምጣችሁ «ይህን ያለ ቅቤ» ብትሉ ሁልጊዜ አይቻልም። መፍትሔው የመጀመሪያው ማታ ላይ የአስተናጋጆቹን አለቃ መጥራት ነው፦ «ከዚህ ጠረጴዛ 3 ሰው እስከ መጨረሻው ቀን ቪጋን ነው» በሉት። ከዚያ እራት ሲያልቅ የነገውን ሜኑ ያመጣላችኋል፣ ትመርጣላችሁ፣ ወጥ ቤቱ ለብቻ ያዘጋጀዋል። ቋሚ ጠረጴዛ ለጾመኛ የሚመቸውም በዚህ ነው፤ በ«ማይ ታይም» ሰው በተቀየረ ቁጥር እንደገና ማስረዳት ይመጣል።

ሦስተኛ፣ ኩባንያው ልዩ የምግብ ጥያቄን ከጉዞው ቢያንስ 45 ቀን በፊት እንዲነገረው ይፈልጋል፤ ለአውሮፓ ጉዞ 90 ቀን ነው። ካቢኑን ስትይዙ ወይም በኢሜይል አስመዝግቡ፣ በኤጀንት ከሆነ በኤጀንቱ በኩል። ተመዘገበ ማለት ግን አስተናጋጁ ያውቃል ማለት አይደለም፤ የመጀመሪያው ማታ ላይ ያው እንደገና ንገሩ።

ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ለእናንተ ቤት ትቼዋለሁ።

ኩናርድ_ና_ካርኒቫል፦

ልብሱን በተመለከተ። ሮያል ላይ ሱፍ ግዴታ አይደለም። በ5 ሌሊት ጉዞ ፎርማል ማታ አንድ ነው፤ በ7 ሌሊት ሁለት። ብዙ ጊዜ የሚውለው መርከቡ ቀኑን ሙሉ ባሕር ላይ በሚሆንበት ቀን ነው፣ ቀኑም አፑ ላይ ይወጣል። ለወንድ ረጅም ሱሪ፣ ኮሌታ ያለው ሸሚዝና ዝግ ጫማ ይበቃል። ክራቫት የሚያስር አለ፣ የማያስርም አለ፤ ከበር የሚመልሰው የለም። የማይገባው የዋና ልብስ፣ እጅጌ የሌለው ካናቴራ፣ ኮፍያና ባዶ እግር ነው። ቁምጣ በደንቡ ለእራት አይፈቀድም፤ በተግባር አንዱ መርከብ ያሳልፋል፣ ሌላው ይመልሳል። «ባለፈው ዓመት በቁምጣ ገብተናል» የሚል ጽሑፍ አይታችሁ ለልጆቹ ረጅም ሱሪ ሳትይዙ እንዳትሄዱ።

የሐበሻ ቀሚስ በየትኛውም መርከብ ከፎርማል በላይ ነው። ኩናርድ የተባለው የመርከብ ኩባንያ እንኳ፣ በጋላ ማታው ጥቁር ሱፍና ክራቫት ወይም ቦ ታይ የሚጠይቀው፣ የሀገር ባህል ልብስን በግልጽ ይቀበላል። ችግሩ ሌላ ነው፤ የተጨማደደ ጥልፍ። ካውያና የእንፋሎት መተኮሻ ይዞ መግባት የእሳት አደጋ ተብሎ የተከለከለ ነው፣ ሻንጣ ሲፈተሽ ይወሰዳል፣ በቪዥን ላይ ደግሞ ራስ የሚገለገሉበት የልብስ ማጠቢያና መተኮሻ ክፍል የለም። ቀሚሱን አጥፋችሁ ሳይሆን በነጠላው ጠቅልላችሁ ያዙ፣ እንደገባችሁ አውጥታችሁ ስቀሉ፣ ሰው ገላውን ሲታጠብ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ይንጠልጠል። አልሆነ ያለውን በክፍያ ለሚተኩሱት ስጡ፣ ግን ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት።

ልብስ መቀየር ያልፈለገ ሰው ፎርማል ማታም ቢሆን ቡፌው ክፍት ነው። እዚያ የሚጠየቀው ጫማና ከዋና ልብስ በላይ የሚደረብ ነገር ብቻ ነው።

ከባልቲሞር በሌላው የመርከብ ኩባንያ፣ በካርኒቫል፣ የምትሄዱ፦ የእነሱ «ኤለጋንት» ማታ ከ2 እስከ 5 ቀን ጉዞ አንዴ፣ ከ6 ቀን ጀምሮ ሁለቴ ነው። ደንቡ ይመሳሰላል፣ ግን በተለዋዋጩ ሰዓት እራት ላይ አፑ ውስጥ ራስን አስመዝግቦ መጠበቅ አለ፤ ጠረጴዛ ሲገኝ መልእክት ይመጣል። ሌላው አዲስ ነገር የምግብ ብዛት ነው። ዱሮ ዋና ምግብ የፈለጉትን ያህል ይታዘዝ ነበር፤ አሁን ካርኒቫል ከሦስተኛው ጀምሮ ለእያንዳንዱ 5 ዶላር ያስከፍላል። ሮያልም ለተጨማሪ ሎብስተር ያስከፍላል፤ ሜኑው ላይ ዋጋ የተጻፈበት ነገር ካያችሁ ነፃ አይደለም።

ሰብለ_ሜሪላንድ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ትልቅ ሸክም አወረዳችሁልኝ። ሁለት ነገር ቀረኝ። ወንድሜ «ያልተገደበ የምግብ ጥቅል» እንግዛ ይላል፣ ለስቴክ ቤቱና ለሱሺው። እናቴ ደግሞ ጀበናዋን ካልያዝኩ አልሄድም ብላለች።

ወደብ_ለወደብ፦

ጥቅሉ ለወንድምሽ ብቻ ከሆነ ይግዛ፤ ለጾመኞቹ ግን ስቴክ ቤቱ ቾፕስ ግሪል ገብተው ሥጋ እያሸተቱ ሰላጣ ለመብላት መክፈል ነው። ዋጋው በየቀኑ ይለዋወጣል፣ መርከብ ላይ ከመግዛት አስቀድሞ በድረ ገጹ መግዛት ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ከተገዛ በኋላ ዋጋው ከወረደ ሽያጩ ከመዘጋቱ በፊት ሰርዛችሁ በአዲሱ ዋጋ መግዛት ትችላላችሁ። ገንዘቡ ወደ ካርዳችሁ ይመለሳል፣ ግን ቀናት ይፈጃል። 18% የአገልግሎት ክፍያ ይጨመርበታልና ሒሳቡን ከነእሱ አስሉ። ዕድሜያቸው ከ6 በታች የሆኑ ልጆች አይከፍሉም፣ ከ6 እስከ 12 ያሉት ቅናሽ አላቸው። ጥቅሉን መግዛትና ሰዓት ማስያዝ ግን አንድ አይደለም፤ የሚፈልገውን ሰዓት ለማግኘት እንደተሳፈረ በቀጥታ ወደ ምግብ ቤቱ ይሂድ። በ5 ሌሊት ውስጥ ሁሉም ሰው የሚፈልገው ፎርማል ማታንና የመጨረሻውን ማታ ነው፤ የመጀመሪያው ማታና ወደብ ላይ የሚታደርበት ማታ ይቀላል።

የካቢን ትእዛዝም አለ። ቡናና ኬክ ያለው ቀለል ያለው ቁርስ ነፃ ነው፤ ከዚያ ውጪ እያንዳንዱ ትእዛዝ 7.95 ዶላርና 18% ነው። ለጾመኛ ቁርሱ ስለማያስፈልግ በሩ ላይ የሚንጠለጠለውን የቁርስ ማዘዣ ወረቀት ለልጆቹ ብቻ ሙሉት።

ለእናትሽ፦ ጀበናውን እንደ ዕቃ ቢያሳልፉትም የሚፈላበት ነገር የለም። የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ከሰል፣ ሻማና ዕጣን ሁሉም ክልክል ነው፤ ከ2024 ጀምሮ ባለብዙ ሶኬት ገመድም ጭምር። ቤት የተሠራ ምግብም አይገባም፣ እንጀራውን ተዉት። ፋብሪካ ያሸገው ደረቅ ነገር ግን ይገባል። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ከሲልቨር ስፕሪንግ ሱቅ በታሸገበት ያዙ፣ ማሸጊያውን ግን ከመሳፈራችሁ በፊት እንዳትከፍቱት።