«ወዝ አደር» ሲባል «አደር» የሚለው ምንን ያመለክታል?

ጠያቂ፦ ስለ እንግሊዝ የኢንዱስትሪ አብዮት የተዘጋጀ የትምህርት ጽሑፍ ሳርም «የላንካሸር አርሶ አደር በአንድ ትውልድ ዕድሜ ወዝ አደር ሆነ» የሚል ዓረፍተ ነገር ገጠመኝ፤ እስካሁንም አላለፍሁትም። ላንካሸር በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ ያለ አውራጃ ነው፤ ወዝ አደር የተባለውም ተቀጥሮ የሚሠራው የፋብሪካ ሠራተኛ ነው። በሁለቱ ውስጥ ያለው «አደር» አንድ ነውን? «ላብ አደር» ቢባልስ አይሻልም ወይ?

የቅኔ ተማሪ፦ «አደረ» የግእዙ «ኀደረ» ነው፤ «ቃል ሥጋ ኮነ ወኀደረ ላዕሌነ» (ቃል ሥጋ ሆነ፣ በእኛም አደረ) የሚለውን ለሰማ ሰው ማብራሪያ አያሻውም። ሌሊቱን ማሳለፍ ብቻ ሳይሆን መኖር ማለት ነው። «ወዝ» ደግሞ ፈሰሰ ከሚለው «ውሕዘ» የወጣ ይመስለኛል።

የሰዋስው መምህር፦ ይህን ትምህርት ለረዥም ዘመን አስተምሬዋለሁና ሥሩን ከማፈላለግ በፊት አገባቡን እንይ። በ«አርሶ አደር» እና በ«አርብቶ አደር» መነሻው ቦዝ አንቀጽ (እንደ «በልቶ»፣ «ሠርቶ» ያለ የግሥ ቅርጽ) ነው፤ ሰውየው አራሹም አዳሪውም ራሱ ነው፣ ሥራው በእጁ ነው። በ«ወዝ አደር» ግን መነሻው ስም ነው፤ ሥራው የሌላ ሆኖ ለሰውየው የቀረለት ወዙ ብቻ ነው። ከ«ውሕዘ» ማውጣቱን አልቀበልም፤ የሚፈሰው ላብ ነው፣ ወዝ ፊት ላይ የሚያበራው ቅባት ነውና «ወዙ ጠፋ» የምንለው ለዚህ ነው።

የታሪክ አንባቢ፦ የመምህር ክፍፍል ልክ ነው፤ ነገር ግን ዓረፍተ ነገሩ የሳተው «አርሶ አደር» ላይ ነው። የጋራው ግጦሽ በፓርላማ ሕግ እየታጠረ ከመሬቱ የተነቀለው እንግሊዛዊ ብዙ ቢሆንም፣ የላንካሸር መንደርተኛ አስቀድሞም ግማሽ ገበሬ ግማሽ ሸማኔ ነበር፤ ነጋዴው ጥጡን ይሰጠዋል፣ ሚስቱና ልጆቹ ይፈትላሉ፣ እርሱ በመረጠው ሰዓት ይሸምናል። «ሸምኖ አደር» ልንለው ይገባ ነበር። እንግሊዛዊው የፈጠራ ሰው አርክራይት እ.ኤ.አ. በ1769 በኋላ በውሃ ኃይል የሚዞረውን የመፍተያ መኪና በስሙ አስመዝግቦ በ1771 በደርቢሸር አውራጃ ክሮምፎርድ ላይ ፋብሪካ ሲያቆም መጀመሪያ ከቤት የወጣው ፈትሉ ነው። ሸማኔው ወዲያው አልወደቀም፤ ፈትል ስለ ረከሰ እንዲያውም ለጊዜው ተጠቀመ፣ በ1820ዎቹም በብሪታንያ ከ200,000 በላይ የእጅ ሸማኔ ነበር። በእንፋሎት የሚሠራው መሸመኛ ሲበዛ ግን የእጅ ሸማኔው የሥራ ዋጋ እየወረደ እዚያው እመሸመኛው ላይ ተራበ። ስለዚህ «በአንድ ትውልድ» የሚለውም ችኩል ነው።

የቅኔ ተማሪ፦ ክሮምፎርድ በሁለት ፈረቃ ቀንና ሌሊት ይሠራ ከነበረ «አደር»ን እንደ ቃሉ መውሰድም ይቻላል። ከድኾች መጠለያ የተወሰዱ ልጆችም በፋብሪካዎች አጠገብ በተሠራላቸው ቤት ያድሩ ነበር። «ወዝ»ን በተመለከተ የመምህርን አስተያየት አልቀበልም፤ አማርኛው ኦሪት ዘፍጥረት «በፊትህ ወዝ እንጀራን ትበላለህ» ሲል ላብ ማለቱ እንጂ የፊት ማማር አይደለም።

የሰዋስው መምህር፦ ጥቅሱ ያስረዳው የእኔን ሐሳብ ነው፤ «በፊትህ» ብሎ ወዝን ከፊት ጋር አስሮታል። በግእዝ ላብ «ሐፍ» ነው፤ ከ«ውሕዘ» ጋር አይገናኝም።

የታሪክ አንባቢ፦ ልጆቹ ከተነሡ፣ አውሮፓውያን ለወዝ አደር የሚሉት «ፕሮሌታሪያ» የተገኘው ዘር፣ ልጅ ከሚለው የላቲን ቃል ነው፤ በሮም ከልጆቹ በቀር ለመንግሥት የሚያበረክተው ሀብት የሌለው ሰው ስም ነበር። ከ9 ዓመት በታች ያሉትን ከጥጥና ከሱፍ ፋብሪካ ያገደው፣ እስከ 13 ዓመት ላሉትም የቀኑን ሥራ በ9 ሰዓት የወሰነው የ1833 የብሪታንያ ሕግ እስኪወጣ ድረስ ያ ስም በላንካሸር ቃል በቃል እውነት ነበር ብዬ አምናለሁ።

ጠያቂ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እርማቱን ነገ አስረክባለሁ፤ «ወዝ» ልተወው ወይስ «ላብ» ላድርገው?

የቅኔ ተማሪ፦ መምህር ሆይ፣ «ወሓይዝት» (ጅረቶች) የሚለውንስ ከየት ያመጡታል?