የድሮ የሸራ ጀልባ እያደስኩ ነው፣ ዴኩ (የላይኛው ወለሏ) ሲረገጥ ይሰረጉዳል

ጀማሪው፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ከ40 ዓመት በላይ የሆናት የፋይበርግላስ የሸራ ጀልባ አለችኝ፣ 7 ሜትር አካባቢ ናት፣ ሙያዬ አይደለም በትርፍ ሰዓቴ ነው የምነካካት። የታችኛው አካሏ ደህና ነው፣ ዴኩ ግን ማስቱ (ሸራው የሚሰቀልበት ቋሚ ምሰሶ) ዙሪያና እሱን የሚወጥሩት የብረት ገመዶች የሚታሰሩበት ጋ ስረግጠው ወደ ውስጥ ይላል፣ የብሎን ቀዳዳዎቹም ቡናማ ውሃ ያንጠባጥባሉ። አንዱ በሲሪንጅ ኢፖክሲ (ከማጠንከሪያ ጋር ተቀላቅሎ የሚደርቅ ሙጫ) ውጋው ይላል ሌላው ክፈተው ይላል። ደግሞ ቀላል ነፋስ ላይ ስለምትንቀራፈፍ ከአፍንጫዋ ወደ ፊት የሚወጣ ምሰሶ ገጥሜ አንድ ሸራ ልጨምርላት አስቤያለሁ፣ አብሬ ልስራው?

አናጢ፦
ሲሪንጁን እርሳው ወንድሜ። ዴኩ ከላይም ከታችም ፋይበርግላስ ነው፣ መሃሉ አብዛኛውን ጊዜ ባልሳ የሚባል ቀላል እንጨት ነው፣ እሱ ነው ውሃ ጠጥቶ የበሰበሰው፣ እርጥብ እንጨት ላይ ኢፖክሲ ስለማይይዝ ብትወጋው ውሃውን እዛው ትቆልፍበታለህ እንጂ ምንም አትጠግንም። በመዶሻ እጀታ እያንኳኳህ ሂድ፣ ደህናው ጥርት ያለ ድምፅ አለው የበሰበሰው ድፍን ይላል፣ ድንበሩን በእርሳስ አስምር። ከዛ የላይኛውን የፋይበርግላስ ቆዳ ብቻ ቆርጠህ አንሳ፣ የበሰበሰውን ጠርገህ አውጣ፣ በደንብ ይድረቅ (እዚህ ጋ ነው ሁሉም ትዕግስት የሚያጣው)፣ አዲሱን ባልሳ ወይም ፎም በወፈረ ኢፖክሲ ለጥፈህ ክብደት ጫንበት። ስትዘጋው ጠርዙን 12 ለ 1 ሞርደው፣ ቆዳው 3 ሚሊ ከሆነ ተዳፋቱ 36 ሚሊ ይሆናል ማለት ነው። ማስቱ ዴኩ ላይ የሚቆም ከሆነ ከስሩ ባልሳ አትመልስ፣ የማይጨፈለቅ ድፍን ነገር አድርግበት።

ጀማሪው፦
እሺ አመሰግናለሁ። በፖሊስተር ሬዚንስ (ሌላው የፋይበርግላስ ሙጫ)? በጣም ይረክሳል

ሙጫ፦
ለጥገና ኢፖክሲ ይሻላል። ኢፖክሲ የደረቀ ፖሊስተር ላይ በደንብ ይይዛል፣ ፖሊስተር ግን ኢፖክሲ ላይ ይላቀቃል፣ ስለዚህ እያፈራረቅክ አትስራ። የተበጣጠሰ ክር የሚመስለውን የፋይበርግላስ ምንጣፍ (ማት) ተወው፣ አብዛኛው ማጣበቂያው የሚሟሟው ፖሊስተር ውስጥ ባለው ስታይሪን በሚባል ኬሚካል ነው፣ የተሸመነውን ጨርቅ ውሰድ። ኢፖክሲው ሲደርቅ ፊቱ ላይ ሰም መሳይ ነገር ከወጣ መጀመሪያ በውሃ እጠበው ከዛ ሞርድ፣ ያለበለዚያ ብናኙ የብርጭቆ ወረቀትህን ይደፍነዋል ቀጣዩም ንብርብር አይይዝም። ማስክ ሳታደርግ ግራይንደር እንዳትነካ!!

ነፋሴ፦
ስለ ፊተኛው ምሰሶ እኔ ልበል። ሸራ ወደ ፊት ስትጨምር የነፋሱ ግፊት ወደ ፊት ይሄዳል፣ ኪሉ (ከሆዷ ስር ውሃ ውስጥ ያለው ክንፍ) ግን ባለበት ነው። አሁን መሪውን ስትለቀው አፍንጫዋ ወደ ነፋሱ በኃይል የምትዞር ከሆነ እንዲያውም ያስተካክልልሃል፣ ሚዛኗን የጠበቀች ከሆነች ግን ከነፋሱ መሸሽ ትጀምራለች፣ ድንገተኛ ነፋስ ሲመታህ ወደ ነፋሱ ዞራ በራሷ በመቆም ፈንታ ትሸሻለች፣ እሱ አደገኛ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ዴኩን ጨርሰህ እንዳለች ንዳት፣ ከዛ ወስን። ይልቅ ገመዶቹ የሚያያዙበትን ስቴንለስ አሁኑኑ ነቅለህ እየው፣ ዴኩ ውስጥ እርጥበት ታፍኖበት አየር ካጣ ከላይ እያብረቀረቀ ውስጥ ለውስጥ ይሰነጠቃል፣ እሱ ከተበጠሰ ማስቱ ወደቀ።

አናጢ፦
ልክ ነው። ብሎኖቹን ስትመልስም ቀዳዳውን አስፍተህ ብሳው፣ በወፈረ ኢፖክሲ ሙላው፣ ሲደርቅ መሃሉን እንደገና ብሳው፣ ማሸጊያው ቢያፈስ እንኳ ውሃው እንጨቱን አያገኘውም። እና ሁለቱንም ጎን በአንዴ እንዳትከፍት፣ አንዱን ዘግተህ ወደ ሌላው እለፍ፣ ያለበለዚያ ዴኩ ቅርፁን ይስታል።