ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ ሐሳብ፦ የልብ አንጠልጣይ ልብ ወለዶች የጋራ መደርደሪያ

ጸሐፊዋ፣ ደሴ (ሰኞ ማታ)

በንባብ ማኅበራችን የሰኔ ስብሰባ በቃል የተስማማንበትን ወደ ጽሑፍ እናውርደው። አባላት አንብበው የወደዷቸውን የወንጀል ምርመራ፣ የስለላ፣ የጀብዱና የሳይንስ ልብ ወለዶች ይጠቁማሉ፤ ከተጠቆሙት 12 ይመረጣሉ፤ ከእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ቅጂ ተገዝቶ አንዱ በደሴ፣ ሌላው በኮምቦልቻ መደርደሪያ ይቀመጣል። በእጃችን ያለው 14,400 ብር ነው። አንዱን ቅጂ በአማካይ 600 ብር ብንይዘው 24ቱ ቅጂ ገንዘቡን አሟጦ ይወስደዋል፤ ስለዚህ ሌላ ወጪ የሚያስከትል ሐሳብ ያለው ሰው የትኛው መጽሐፍ እንዲቀነስ እንደሚፈልግ አብሮ ይጻፍ።

ዓምና ይኸው ዝርዝር «ልብ አንጠልጣይ ንባብ ቁም ነገር የለውም» ተብሎ እንደወደቀ አልረሳሁም። ዘንድሮ ያንን ቃል የሚደግም ካለ መልሴን አስቀድሜ ልስጥ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት፣ ዛሬ «ጦቢያ» ብለን የምንጠራው የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ራሱ የጀብዱ ታሪክ ነው። አባት በጦርነት ይማረካል፤ ወንድ ልጁ ውለታ ሊመልስ ከቤቱ ወጥቶ ባርነት ይገባል፤ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ወንድሟን ፍለጋ ትወጣለች፤ ይህ ሁሉ መከራ አልፎም ታሪኩ በሠርግ ይዘጋል። ልብ ወለዳችን የተጀመረው በዚህ ዓይነት ታሪክ ከሆነ፣ እኛ ልናፍርበት አይገባም። የእኔ ጥቆማ እሱ ነው።

የኮምቦልቻ ምድብ ተጠሪ (ማክሰኞ ጠዋት)

በ2014ቱ ጦርነት መጽሐፎቻችን ከጠፉ ወዲህ በእኛ መደርደሪያ ላይ ያሉት ዘጠኝ መጻሕፍት ብቻ ናቸው። ይህ ዕቅድ ለደሴ ጭማሪ ነው፤ ለእኛ ግን መጀመሪያ ነው፤ ሁላችሁም ይህን ይዛችሁ ተነጋገሩ።

የምጠቁመው በ1975 ዓ.ም. የታተመውን የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» ነው። ስለ ፖለቲካው፣ መጽሐፉ ከገበያ ስለ መሰብሰቡና ደራሲው በ1976 ዓ.ም. ደብዛው ስለ መጥፋቱ ብዙ ተብሏል፤ እኔ ግን በስለላ ታሪክነቱ ነው የምጠቁመው። አሥመራ ላይ የቀይ ኮከብ ዘመቻ ሲሰናዳ፣ ጋዜጠኛው ጸጋዬ ከማን ጋር እንደሚበላና ከማን ጋር እንደሚጠጣ እርግጠኛ ሳይሆን ሲመላለስ፣ አንባቢውም እያንዳንዱን ፈገግታ እየጠረጠረ ይከተለዋል።

የፋርማሲ ባለሙያዋ፣ ደሴ ፒያሳ (ማክሰኞ ቀን)

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ከዝርዝሩ ሊቀር አይገባም። ጣና ሐይቅንና የሳይንስ ምርምርን በአንድ ሴራ ውስጥ አስተሳስሮ በአማርኛ ማንበብ ምን እንደሚመስል ያሳየኝ እሱ ነው። ፒያሳ ካሉት አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ዘንድ የሁሉንም ዋጋ ጠይቄ እስከ ቅዳሜ አቀርባለሁ።

የፈረቃ ሠራተኛው፣ ኮምቦልቻ (ማክሰኞ ማታ)

የእኔ ጥቆማ የሼርሎክ ሆልምስ አጫጭር ታሪኮች ናቸው። መርማሪው በ1887 እ.ኤ.አ. ከታየ ጀምሮ ኮናን ዶይል አራት ረጃጅምና 56 አጫጭር ታሪኮችን ጽፎለታል፤ እንደ እኔ ጊዜ ለሌለው ሰው አጫጭሮቹ ተስማሚ ናቸው። አንዱን ከኮምቦልቻ ተሳፍሬ፣ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ እስክገባ እጨርሰዋለሁ።

ይሁን እንጂ በዕቅዱ ላይ የምስማማው የሚከተለው አንቀጽ ከገባ ብቻ ነው፦ «ማንም ጠቋሚ የመጽሐፉን ፍጻሜ አይናገርም፤ ማንም አባል በጋራ መጽሐፍ ላይ በእስክሪብቶ አይጽፍም።» ባለፈው ጥር ከደሴ የተላከልኝ የምርመራ ልብ ወለድ ገጽ 31 ላይ፣ ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ስሙ ከተጠራ ገጸ ባሕርይ አጠገብ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ ቀስት ተሠርቶ «ገዳዩ ይህ ነው» የሚል ተጽፎ አገኘሁ። የሌሊት ፈረቃ ጨርሼ፣ እንቅልፌን ትቼ የጀመርኩት መጽሐፍ ነበር። ቀስቱ በጣም ተጭኖ የተሠራ ስለነበረ ምልክቱ ገጽ 33 ድረስ ዘልቆ ይዳሰስ ነበር። አሁን ደግሞ ጸሐፊዋ ራሷ «በሠርግ ይዘጋል» ብላ የጦቢያን መጨረሻ ነገረችን።

መምህሩ፣ ደሴ ሆጤ (ረቡዕ ጠዋት)

ይህ አንቀጽ አያስፈልግም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን ሥራ «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲሉት ፍጻሜውን ከሽፋኑ ላይ ጽፈውልን ነበር። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው፣ መጽሐፉን አንብቦ የጨረሰው ሰው ሳይቀር ሥራውን ጥሎ ያዳምጥ ነበር። ጥሩ መጽሐፍ ፍጻሜው ቢታወቅም አይሞትም። ለገዳዩ ስም ብቻ ብሎ የሚያነብ ሰው እንቆቅልሽ ይጠይቅ እንጂ የማኅበር ገንዘብ አያስወጣ።

የፈረቃ ሠራተኛው፣ ኮምቦልቻ (ረቡዕ ቀን)

ጋሼ መምህር፣ እንቆቅልሽም ቢሆን ተጠያቂው አገር ሳይሰጥ መልሱ አይነገርም። እኔ አገር አልሰጠሁም፤ ገና እያሰብኩ ነበር።

የሰብለ ወንጌልና የበዛብህ ታሪክ ሐዘን ነው፤ ሐዘን መምጣቱ ሲታወቅ ይበልጥ ያማል። የምርመራ ልብ ወለድ ግን በደራሲውና በአንባቢው መካከል ያለ ውድድር ነው። ሮናልድ ኖክስ የተባለ እንግሊዛዊ ቄስ በ1929 እ.ኤ.አ. ለዚህ ዓይነት ድርሰት ዐሥር ሕግ ጽፎ ነበር፤ የመጀመሪያው ሕግ ወንጀለኛው በታሪኩ መግቢያ አካባቢ የተጠቀሰ ሰው መሆን አለበት ይላል፤ ሌላው ደግሞ መርማሪው ያገኘውን ፍንጭ ከአንባቢው እንዳይደብቅ ያዛል። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ አንባቢው በራሱ አእምሮ እንዲደርስበት ነው። ያ ቀስት የወሰደብኝ ይህንን ነው። እኔም ለማኅበሩ የማዋጣው ከፈረቃ አበሌ ቀንሼ ስለሆነ፣ ምን እንደምገዛበት የመናገር መብት አለኝ።

ገንዘብ ያዡ፣ ደሴ ሙጋድ (ረቡዕ ማታ)

ሁለት ቀን ሙሉ ስለ አንድ ቀስት ተጻፈ። የቀረበው ጥቆማ አራት ብቻ ነው፤ ስምንት ይቀራል። እኔ በስለላ ዘርፍ ማሞ ውድነህ ከተረጎሟቸው አንዱ እንዲገባ እጠይቃለሁ። የእኛው የወሎ ልጅ ሆነው፣ ትውልድን ከስለላ ታሪክ ጋር ያስተዋወቁ ሰው ከወሎ መደርደሪያ መጥፋታቸው ነውር ነው።

የኮምቦልቻ ምድብ ተጠሪ (ረቡዕ ማታ)

ለእናንተ አንድ ቀስት ነው። ከደሴ ወደ እኛ የሚወርደው መጽሐፍ ሁልጊዜ ሽፋኑ የተገነጠለ፣ የተሠመረበትና የተጻፈበት ነው፤ አዲሱ እዚያው ይቀራል። የቀስቱን እጅ ጽሑፍ ደግሞ የማናውቀው አይምሰላችሁ።

ጸሐፊዋ፣ ደሴ (ረቡዕ ሌሊት)

እኅቴ፣ እጅ ጽሑፍ መለየት የዚህ ውይይት ሥራ አይደለም። የጦቢያን መጨረሻ መንገሬ ስህተት መሆኑን እቀበላለሁ። ወደ 12ቱ እንመለስ።

መምህሩ፣ ደሴ ሆጤ (ሐሙስ ጠዋት)

ጽሑፉ የእኔ ነው።

መጽሐፉ የማኅበሩ መሆኑን ዘንግቼ፣ ለራሴ ማስታወሻ ብዬ ነበር የጻፍኩት። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የገጸ ባሕርያት ስም እየጠፋብኝ ስለምቸገር፣ አንዱን ምርመራ ሁለት ጊዜ አነባለሁ፤ በሁለተኛው ዙር ደራሲው ፍንጩን የት የት እንደበተነው እየተከተልኩ ምልክት አደርጋለሁ። ለእኔ ትልቁ ደስታ እሱ ነው። የአንተን የመጀመሪያ ንባብ ግን እንደወሰድኩብህ አሁን ገባኝ፤ ይቅርታ አድርግልኝ፣ ልጄ። እንቆቅልሽ ይጠይቅ ያልኩትንም አንስቻለሁ።

ካሳ እንዲሆነኝ አንድ ነገር ልሥራ። አንድ የምርመራ ታሪክ ለሁላችሁም ጮክ ብዬ ላንብብላችሁ። ከመጨረሻው ምዕራፍ በፊት አቆማለሁ፤ እያንዳንዱ አባል የጠረጠረውን ሰው ስም ከነምክንያቱ በወረቀት ጽፎ ሣጥን ውስጥ ይጨምራል፤ ከዚያ መጨረሻውን እናነባለን። ማንም ቀድሞ ሊያውቅ አይችልም።

የፈረቃ ሠራተኛው፣ ኮምቦልቻ (ሐሙስ ቀን)

ይቅርታው ደርሶኛል፤ እኔም በሰው ፊት ማንሳቴ ከብዶኛል። የንባቡን ሐሳብ ከልቤ እደግፋለሁ። እረፍቴ በሚውልበት ቅዳሜ ከሆነ አንድም ቀን አልቀርም።

የኮምቦልቻ ምድብ ተጠሪ (ሐሙስ ቀን)

ምሽት ከሆነ እኛ የለንበትም። ጉሙ ሐረጎ ላይ ከወረደ በኋላ መኪና ላይ ሴቶች አላሳፍርም። ከ8 ሰዓት ተጀምሮ ከ10 ሰዓት ተኩል ካላለፈና የመሳፈሪያ ከማኅበሩ ከተከፈለ እንመጣለን።

ገንዘብ ያዡ፣ ደሴ ሙጋድ (ዓርብ ጠዋት)

በዓመት አራት ጊዜ ይነበብ ቢባል፣ ለአዳራሽና ለቡና በየጊዜው 1,800 ብር ብንይዝ 7,200 ብር ይሆናል። ለኮምቦልቻ አባላት መሳፈሪያ 2,400 ብር ሲጨመር፣ ለመጽሐፍ የሚቀረው 4,800 ብር ነው፤ ይህም ስምንት ቅጂ ነው። ሁለት ሁለት ከተገዛ አራት መጻሕፍት ማለት ነው። የምቃወም አይደለሁም፤ ከወጣቶቹ መካከል እንዲህ በአንድ ቀን ሦስት ሰው «እመጣለሁ» ብሎ ሲመዘገብ አይቼ አላውቅም። ሒሳቡ ግን ይህ ነው።

ጸሐፊዋ፣ ደሴ (ዓርብ ማታ)

በመጀመሪያው ቀን የትኛው መጽሐፍ እንደሚቀነስ አብራችሁ ጻፉ ብዬ ነበር፤ ስምንቱን በአንድ ጊዜ የቀነሰ ሐሳብ ሁላችሁም ስትደግፉ፣ የትኞቹ ስምንት እንደሆኑ አንድም ሰው አልጻፈም። የመምህሩ ንባብ የተወደደ ነገር እንደሚሆን አልጠራጠርም፤ እኔም እመጣለሁ። ነገር ግን ንባቡ ሲያልቅ ሰው ወደ ቤቱ የሚሄደው ባዶ እጁን ነው። እኔ ያሰብኩት ማክሰኞ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ያለው ሰው ከመደርደሪያው የወሰደው መጽሐፍ አልጋው አጠገብ እንዲኖረው ነበር።

ለማንኛውም የተደገፈውን ወደ ረቂቁ አስገብቻለሁ፤ የፍጻሜና የእስክሪብቶ አንቀጽም እንደ ተጠየቀው ተጽፏል። የዋጋው ዝርዝር ግን እስካሁን አልደረሰኝም።

የኮምቦልቻ ምድብ ተጠሪ (ቅዳሜ ጠዋት)

ስምንት ቅጂ ከሆነ ሁለት ሁለት መግዛት ለምን ያስፈልጋል? ስምንት የተለያዩ መጻሕፍት ተገዝተው ሁሉም ኮምቦልቻ ይቀመጡ። ደሴ ንባቡንም አዳራሹንም ወስዳለች።

ገንዘብ ያዡ፣ ደሴ ሙጋድ (ቅዳሜ ቀን)

ስምንቱም ኮምቦልቻ ከገቡ የደሴ አንባቢ ማሞ ውድነህንም ለማንበብ ሐረጎን መውረድ ሊኖርበት ነው። ይህን አልፈርምበትም። ስድስቱ ይሂዱ፤ ሁለቱ እዚህ ይቅሩ።

መምህሩ፣ ደሴ ሆጤ (ቅዳሜ ማታ)

ለመጀመሪያው ንባብ ከሆልምስ አጫጭር ታሪኮች አንዱን መርጫለሁ፤ የትኛው እንደሆነ አልናገርም። ለግምት ወረቀቱ ሣጥን ያለው ሰው ያስታውቀኝ።

ጸሐፊዋ፣ ደሴ (እሑድ ጠዋት)

የኮምቦልቻንና የገንዘብ ያዡን ሐሳብ ሁለቱንም በረቂቁ ላይ አስፍሬ፣ ውሳኔውን ለጉባኤው ትቼዋለሁ። የፋርማሲ ባለሙያዋ ከማክሰኞ ወዲህ አልጻፈችም፤ ስልኳም አይነሳም። ነገ ከሥራ ስወጣ ፒያሳ ወርጄ ዋጋውን ራሴ እጠይቃለሁ፤ ጦቢያ ከስምንቱ መካከል እንድትገባ የሚደግፈኝ ሰው ካለ እስከ ነገ ቀን ይጻፍልኝ።