ኤፍኢኤስ ሲበራ ዲኮደሩ «ክፈት» ላይ ይቀራል፤ እጁ አይዘጋም

ጥያቄ፦ ሲ3_ዙሪያ
ሰላም ለሁላችሁ። ጉዳዩ ስትሮክ ላዳከመው ቀኝ እጅ የሚሆን የአንጎልና ማሽን መገናኛ ነው። ኢኢጂው (የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ ከራስ ቆዳ ላይ የሚያነበው) 8 ቻናል፣ በሰከንድ 250 ናሙና። ታካሚው እጁን ለመክፈት ሲሞክር ሲ3 (ቀኝ እጅን ከሚያዘው የአንጎል ክፍል በላይ፣ በግራ በኩል ያለው ኤሌክትሮድ) ላይ ከ8 እስከ 30 ኸርዝ ያለው የሞገድ ኃይል ይወርዳል፤ ዲኮደሩ (ሞገዱን ወደ ትእዛዝ የሚተረጉመው ፕሮግራም) «ክፈት» ይላል፤ ኤፍኢኤሱ (ጡንቻን በኤሌክትሪክ ምት የሚያንቀሳቅሰው ስቲሙሌተር፤ 40 ኸርዝ፣ የምቱ ርዝመት 300 ማይክሮሰከንድ) ጣት የሚዘረጋውን ጡንቻ ይቀሰቅሳል። ስቲሙሌተሩ ጠፍቶ ሲሞከር ደህና ነው። ሲበራ ግን እጁ እንደተከፈተ ይቀራል። ኖች ፊልተርም (አንድን ድግግሞሽ ለይቶ የሚያጠፋ ማጣሪያ) አልፈየደም። የኤሌክትሪክ ረብሻ ይሆን?

መልስ፦ ቤታ_ባንድ
አይመስለኝም። አምፕሊፋየሩ (የኢኢጂው ማጉያ) ከአቅሙ በላይ እስካልሞላ ድረስ 40 ኸርዝ ከምታነበው ባንድ ውጭ ነው። ይልቅ እጁ በኤሌክትሪክ ሲንቀሳቀስ ከቆዳ፣ ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ ወደ አንጎል የሚመለሰው ስሜት ራሱ ሙንና ቤታን (ከ8 እስከ 30 ኸርዝ ያሉትን የአንጎል ሞገዶች) ያወርዳል። ታካሚው ሙከራውን ቢተውም ዲኮደሩ ያንኑ መውረድ ያያል፤ ስለዚህ ኤፍኢኤሱ ራሱን በራሱ ያቆየዋል።

ለማረጋገጥ ታካሚው ዘና ብሎ፣ ምንም ሳይሞክር፣ ስቲሙሌተሩን ለ5 ሰከንድ አብራ፤ 20 ጊዜ ድገመው። ሲ3 ላይ ኃይሉ ከወረደ ስሜቱ ነው። በሁሉም ቻናል በአንዴ ከዘለለ ግን ረብሻ ነው፤ ያኔ ላፕቶፑን ከቻርጀር ንቀልና ሁለቱም ፓዶች (ቆዳ ላይ የሚለጠፉት የስቲሙሌተሩ ኤሌክትሮዶች) እዚያው ክንድ ላይ፣ ተቀራርበው መሆናቸውን እይ።

መፍትሔው ዲኮደሩን ማስነሻ ብቻ ማድረግ ነው። «ክፈት» ለ1 ሰከንድ ሳይቋረጥ ከመጣ ኤፍኢኤሱ ይነሳ፣ በግማሽ ሰከንድ ቀስ ብሎ ይውጣ፣ 4 ሰከንድ ይቆይ፣ ይውረድ። እስከዚያ ዲኮደሩ ጆሮውን ይድፈን። ከወረደም በኋላ 3 ሰከንድ ያህል ጠብቅ፤ ቤታ ከእንቅስቃሴ በኋላ ከመነሻው በላይ ስለሚዘል መለኪያህን ያዛባል።

«ደህና ነው» ስትል ግን በስንት ሙከራ? ምርጫው ሁለት፣ ሙከራው 40 ከሆነ፣ ቢያንስ 26 ካልመታህ ሳንቲም ከመወርወር አይለይም።

መልስ፦ ወረዳ_ሰርኪዩት
ባቴልና ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በ2016 ያሳዩት፣ ሽባ ሰው እጁን በአንጎሉ ምልክት እንዲያንቀሳቅስ ያደረገው ሥራ እኮ ኤፍኢኤሱ እየሠራም ያነብ ነበር። እዚህ ለምን አይቻልም?

መልስ፦ ጡንቻና_ነርቭ
ያኛው ሌላ ነገር ነው። 96 ኤሌክትሮድ ኮርቴክስ (የአንጎል ውጫዊ ሽፋን) ውስጥ ተተክሎ በሰከንድ 30,000 ናሙና ይቀዳል፤ ክንዱ ላይ ደግሞ 130 ኤሌክትሮድ ያለው እጅጌ ነበር። በእያንዳንዱ ምት ዙሪያ 3.5 ሚሊሰከንድ ቆርጠው ይጥሉና የቀረውን ይቀጥሉታል። በ250 ናሙና ግን በሁለት ነጥቦች መካከል ያለው ክፍተት ብቻ 4 ሚሊሰከንድ ነው። ምኑ ተቆርጦ ምኑ ይቀራል?

ስለ ፓዱ ደግሞ፦ የእጅ አንጓው ቀና ብሎ ጣቶቹ ከታጠፉ የያዝከው የአንጓ ማንሻውን ነው። ከአውራ ጣት በኩል ወደ ትንሿ ጣት በኩል በ1 ሴንቲሜትር እያንሸራተትክ ፈልግ፤ በየቦታው ከ5 ሚሊአምፔር ጀምረህ በ1 በ1 ጨምር። ጣቶቹ ጭራሽ ከጨበጡ ጅረቱ ወደ ጨባጩ ጡንቻ ፈሷል፤ አትጨምር፣ ቀንስ። ከስትሮክ በኋላ ጨባጩ ግትር ከሆነ ፊዚዮቴራፒስቱ አስቀድሞ ያፍታታው፤ ዘርጊው ብቻውን አያሸንፈውም።

መዘርጋቱ እያነሰ ከሄደ ድካም ነው። ኤፍኢኤስ ያንኑ ፋይበር ያለ ተራ፣ በአንድ ላይ ነው የሚያሠራው። ድግግሞሹን ወደ 35 ማውረድ ይረዳል። ወደ 20 ግን አታውርደው፤ ቀጥታ ቤታህ መሃል ይገባል። ፔስሜከር ያለበት ሰው ላይ ደግሞ ጨርሶ አይሞከርም።