ሐሩ አለ፣ መፍተያው የለም
ሐዋሳ ዙሪያ በማኅበር ተደራጅተን የጉሎ ቅጠል የሚበላውን የሐር ትል የምናረባ ሴቶች ነን። እንቁላሉንም ሥልጠናውንም ከመንግሥት አግኝተናል፤ ትሉም አላሳፈረንም። ችግሩ ከዚያ ወዲህ ነው። ኮኩኑ፣ ትሉ ራሱን የሚጠቀልልበት የሐር ቅርፊት፣ በጆንያ ተከምሮ ተቀምጧል፤ ነጋዴ የሚፈልገው ክር ነው። የዚህ ትል ኮኩን ጫፉ ክፍት ስለሆነ በቅጠለ እንጆሪ እንደሚያድገው ሐር ተያይዞ አይተረተርም፤ እንደ ጥጥ ተባዝቶ መፈተል አለበት። ሙጫው እንዲለቅ በሳሙና ውሃ ቀቅለን በእንዝርት ሞከርን፤ ክሩ ጉጥ በጉጥ ሆነ። ለመፍተያ መሣሪያ ብድር ስንጠይቅ የግብርናው ባለሙያ ወደ ጥቃቅንና አነስተኛ ይልከናል፣ እነርሱ ደግሞ «እናንተ ግብርና ናችሁ» ብለው ይመልሱናል። አበዳሪው የቤት ካርታ ይላል፤ ካርታ ያለው ሰው ጉሎ ለቀማ ምን አወጣው! መሣሪያው ራሱ ዋስትና ሆኖ በሊዝ፣ ማለትም በየጊዜው እየተከፈለበት በኪራይ መልክ፣ እንደሚሰጥ ሰምተናል። በዚህ መንገድ መፍተያ ያገኘ ማኅበር ካለ፣ ማመልከቻውን ያስገባው በየትኛው መሥሪያ ቤት በኩል ነው?