ጥቆማ፦ ዝንጉርጉር ጽጌረዳ ሜሪላንድ አካባቢ ከየት ልግዛ?

የእማዬ ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። እናቴ ከአገር ቤት ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው። ከቤት ብዙም አትወጣም፣ ደስ የሚላት ጓሮው ብቻ ነው። ባለፈው ግንቦት ከእኛ ሦስት ቤት አለፍ ብሎ ካሉ አሜሪካዊት ሴትዮ አጥር ሥር ቀይና ነጭ መስመር መስመር ያለው ጽጌረዳ አየች። "ይሄ እኮ ጥለት ነው፣ ማን ሸመነው?" ብላ ቆማ ቀረች። ከዚያ ወዲህ በሳምንት አንዴ ሳታነሳው አትውልም። ለፋሲካ ልተክልላት ነው ያሰብኩት። ከትልልቆቹ መደብሮች ይሻላል፣ ከነርሰሪ (ከችግኝ መሸጫ) ነው ወይስ ኦንላይን ልዘዝ? እስከ 60 ዶላር አወጣለሁ። ጓሮው ከምሳ በኋላ ጥሩ ፀሐይ አለው። የገዛችሁ ካላችሁ ጠቁሙኝ።

ቡናዬ ቨርጂኒያ
ሴንቲሜንታል የሚባለውን ፈልጊ። ነጭ ላይ ጥቁር ቀይ የተረጨበት ነው የሚመስለው፣ ሽታው ደግሞ ቅመም ቅመም ይላል። በ1997 ኦል አሜሪካ ሮዝ ሴሌክሽንስ የሚባለውን ሽልማት የወሰደ ነው። ሁለት አበባ አንድ ዓይነት መስመር የለውም፣ አንዱ ቀይ ያመዝንበታል፣ ሌላው ነጭ። ከግንቦት ጀምሮ ውርጭ እስኪመታው እየደጋገመ ያብባል። እኔ ኦሪገን ካለው ኤርሉም ሮዝስ ነው ያዘዝኩት። የሚልኩት በራሱ ሥር የበቀለ ነው፣ ይሄ ነገር ትልቅ ልዩነት አለው። ሲመጣ ግን ትንሽ ነው፣ እንዳትደነግጪ። የኔ ሰው የሚያሳየው የሆነው በሦስተኛው ዓመት ነው።

ተቃጥያለሁ
እህቴ፣ ከነርሰሪ እንዳትገዢ!!! እኔን ያየ ይቀጣ። ስሙን አልጠራም፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ያለ ነው፣ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከሦስት ዓመት በፊት 45 ዶላር ከፍዬ ዝንጉርጉር ጽጌረዳ ገዛሁ። ወረቀቱ ላይ ያለው ሥዕል ልብ ይሰርቃል። የመጀመሪያው ዓመት አበበ፣ እውነት ነው፣ መስመር ነበረው። ከዚያ ከባዱ ክረምት መጣ። በሚቀጥለው ግንቦት ሲያብብ ደም የመሰለ ቀይ! አንድም ነጭ መስመር የለው። እሱም ሦስት ሳምንት አበበና ቆመ፣ እስከ ዛሬ በዓመት አንዴ ነው። ቅርንጫፉ ደግሞ ሁለት ሜትር ወጥቶ መስኮቴን ሸፈነው። ፎቶ ይዤ ሄድኩ። "ዋስትናው አንድ ዓመት ነበር" ብለው መለሱኝ። ቀለም ነክረው ነው የሸጡልኝ!

ዝም አልልም
ቀለም ነክረው ዓመት ሙሉ እንዴት አበበ? ሌሊት ሌሊት አጥር እየዘለሉ ይቀቡልሽ ነበር?

ተቃጥያለሁ
አንተ ስቀህ እለፍ፣ ያንተ 45 ዶላር አይደለም።

ጋሽ አትክልተኛ
ልጆች፣ አትጣሉ። እኔ እዚህ አገር 26 ዓመት ሆኖኛል፣ ጽጌረዳ ያልቀበርኩበት ጓሮ የለም። እህቴ፣ ማንም አልነከረልሽም። የተዳቀለ ነው የገዛሽው። ከላይ ያለው ዝንጉርጉሩ ነው፣ ከታች ያለው ሥር ግን የሌላ ጽጌረዳ ነው። በአሜሪካ አብዛኛውን ጊዜ ለሥር የሚጠቀሙት ዶክተር ሂዩይ የሚባለውን ነው። በዚያ ክረምት የላይኛው ሞተብሽ፣ የታችኛው ተረፈና "እንግዲህ ባለቤቱ እኔ ነኝ" ብሎ ወጣ። ጥቁር ቀይ፣ በዓመት አንዴ የሚያብብ፣ ረጅም ቅርንጫፍ ያለው፤ መልኩን አንቺው ነግረሽናል። ዝንጉርጉር ገዛሁ፣ ቀይ ሆነብኝ የሚሉ ሰዎች ብዙዎቹ ይሄው ነው የደረሰባቸው።
አሁን ሄደሽ ግንዱን ከአፈሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ እዪው። እንደ ጉልበት ያበጠ ቋጠሮ ታገኛለሽ። ቡቃያው ከቋጠሮው በታች ከመጣ የሥሩ ነው። እሱን በመቀስ አይቆርጡትም፣ ከቆረጥሽው አራት ሆኖ ይመጣል። አፈሩን ገለጥ አድርገሽ ከመነሻው ገንጥለሽ ማውጣት ነው። ያንቺ ግን ሦስት ዓመት ስላለፈው ከላይ የቀረ ነገር ያለ አይመስለኝም።

ተቃጥያለሁ
እሺ ጋሼ፣ አመሰግናለሁ፣ ገባኝ። ግን ይሄን ለምን ሲሸጡልኝ አልነገሩኝም? "ከሥር የሚወጣ ካየሽ ገንጥይ" ማለት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? አሁንም አታላዮች ናቸው።

ጋሽ አትክልተኛ
እሱን አልከራከርሽም።

ማሚ ጋይተርስበርግ
እኔ ሌላ ቦታ መሄድ ምን እንደሚያስፈልግ አይገባኝም። እኛ ሰፈር አንድ ሰውዬ አለ፣ 11 ዓመት ከሱ ነው የምገዛው፣ አንድ ቀን አሳፍሮኝ አያውቅም። ቲማቲም ብትዪ፣ ቃሪያ ብትዪ፣ ጃስሚን ብትዪ። አፈር ራሱ መኪናዬ ላይ ይጭንልኛል። እሱ ጋ ሂጂ እህቴ፣ አድራሻውን በውስጥ እልክልሻለሁ።

ቡናዬ ቨርጂኒያ
ዝንጉርጉር ጽጌረዳ አለው?

ማሚ ጋይተርስበርግ
ጽጌረዳ አለው። ዝንጉርጉር አላየሁም፣ ግን ከነገርሽው ያመጣል። ጨዋ ሰው ነው።

ሰሚት 2
እኔ ደግሞ ከአዲስ አበባ ነኝ። ይገርማል፣ ጽጌረዳ ከሆለታና ከዝዋይ በአውሮፕላን አውሮፓ ድረስ ይሄዳል፣ እናንተ ነጋዴ ፍለጋ ትባዝናላችሁ። የሚመጣ ዘመድ ሁለት ሦስት ችግኝ ሻንጣው ውስጥ ከትቶ ቢያመጣላችሁስ?

ቡናዬ ቨርጂኒያ
ወንድሜ፣ የተቆረጠ አበባና የሚተከል ችግኝ አንድ አይደሉም። ሥር ያለው ተክል ያለ ዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ደለስ አየር ማረፊያ ላይ ይወረስና ዘመድሽም ሲያብራራ ይውላል። በርበሬና ሽሮው ይበቃዋል።

ሰሚት 2
ዘመድ"ህ"። ወንድ ነኝ። እና የኛ የራሳችን ጽጌረዳ እኮ ቀጋ ነው። ነጭ አበባ፣ ቀይ ፍሬ፣ ልጅ ሆነን ያልበላነው ማን አለ? መስመር ባይኖረውም።

ዝም አልልም
ጥያቄው ዝንጉርጉር ነበር፣ መልሱ ነጭ። ቀጥሉ።

ፌቨን ፌርፋክስ
ይቅርታ ከርዕስ ልውጣና፣ የኔ ጽጌረዳ (ሮዝ ነው እንጂ ዝንጉርጉር አይደለም) ቅጠሉ ላይ ጥቁር ክብ ክብ ነጠብጣብ ይወጣና ቢጫ ሆኖ ይረግፋል። ነሐሴ ላይ እንጨት ብቻ ነው የሚቀረው። ምን ላድርግ?

ጋሽ አትክልተኛ
ብላክ ስፖት ነው። የዚህ አካባቢ እርጥበት ያመጣው ፈንገስ። ቅጠሉ ለብዙ ሰዓት እርጥብ ሆኖ ከቆየ ይይዘዋል፣ ስለዚህ ማታ ከላይ አታጠጪ። ጠዋት፣ ከሥር ከሥሩ ብቻ። የረገፈውን ቅጠል ለቅመሽ ቆሻሻ ውስጥ ጣይ፣ ኮምፖስት ውስጥ አይገባም። መሃሉን ነፋስ እንዲያልፍበት ግረዢው። ሰኔ ማለቂያ ላይ ደግሞ የጃፓን ጥንዚዛ ይመጣል፣ አረንጓዴና መዳብ የመሰለው። እሱን ጠዋት ገና ሳይሞቀው የሳሙና ውኃ ውስጥ እያራገፉ መድፋት ነው። ወጥመድ የሚባለውን አትግዢ፣ የጎረቤቱንም ጥንዚዛ ይጠራልሻል።
ለጠያቂዋም ይሄ ይጠቅማታል። ቫሪየጋታ ዲ ቦሎኛ የሚባል የጣሊያን ዝንጉርጉር አለ፣ በ1909 የወጣ፣ ወተት ላይ ወይን ጠጅ የፈሰሰበት ይመስላል። ውበቱ አይወራም። ግን ብላክ ስፖት ይወደዋል። እዚህ አገር በጋ ላይ ራቁቱን ነው የሚቆመው። ሁለቴ ተክዬ ሁለቴ ነቅያለሁ።

ሀና ቲ
ኦንላይን ባለ ቀስተ ደመና ጽጌረዳ ዘር አይቻለሁ፣ 100 ፍሬ በ6 ዶላር። እሱን ብትሞክሪስ? ዝንጉርጉርም አላቸው።

ዝም አልልም
100 ፍሬ በ6 ዶላር! ሰማያዊውንም ጨምሪበት፣ ዶላር የሚያፈራ ካላቸው ለኔም።

ቡናዬ ቨርጂኒያ
ሀኒዬ፣ ተይው። ጽጌረዳ ከዘር ሲበቅል እናቱን አይመስልም፣ ዝንጉርጉር ከፈለግሽ ከቅርንጫፍ ወይም ከዳቀላ ነው። የቀስተ ደመናው ደግሞ ጭራሽ ተክል አይደለም፣ ነጭ አበባ ቆርጠው ግንዱን ይሰነጥቁና የተለያየ ቀለም ውኃ ውስጥ ያቆሙታል። የሚሸጥልሽ ዘር ምን እንደሚሆን እግዜር ነው የሚያውቀው።

ተቃጥያለሁ
አያችሁ? ቀለም ይነክራሉ ስላችሁ ሳቃችሁብኝ።

የእማዬ ልጅ
በጣም አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። አንድ ነገር ልጨምር። የሴትዮዋ ጽጌረዳ አጭር ነው፣ ወገቤ ድረስ ቢሆን ነው። ከሰኔ በኋላ አበባ ያየሁበት አይመስለኝም፣ ግን ልብ ብዬም አላየሁ። ሽታው ደስ ይላል።

ጋሽ አትክልተኛ
እንዲህ ንገሪን እንጂ! እንግዲያው ሮዛ ሙንዲ ሊሆን ይችላል። ከሴንቲሜንታል ጋር አታምታቺው። ይሄ የጥንት ነው፣ ከ1500ዎቹ ጀምሮ የሚታወቅ። እንግሊዞቹ የንጉሥ ሄንሪ ሁለተኛ ውሽማ የነበረችውን የሮዛመንድን ስም ነው የያዘ ይላሉ፣ ተረት ይሁን እውነት እንጃ። መስመር የሌለው ቀይ ጽጌረዳ ነበር፣ አንድ ቅርንጫፉ ድንገት ዝንጉርጉር ሆኖ ወጣ፣ እሱን እያራቡ ነው እስከ ዛሬ የደረሰው። ለዚህ ነው አንዳንዴ አንዱ ቅርንጫፍ ወደ ድሮው ቀይ የሚመለሰው። እህቴ "ተቃጥያለሁ"፣ ይሄኛው ካንቺ የተለየ ነው፤ ይሄኛውን ቅርንጫፉን ብቻ ከመነሻው ቆርጦ መጣል ይበቃል። ካልቆረጡት ቀዩ ጉልበተኛ ስለሆነ ሌላውን ይውጠዋል።
የሮዛ ሙንዲ ጉዳቱ በዓመት አንዴ ነው የሚያብበው፣ ሦስት አራት ሳምንት። ጥቅሙ ደግሞ ብርድ አይፈራም። በራሱ ሥር ከሆነ እንደ ሙዝ ከጎኑ ልጅ ያወጣል። እና ለምን 60 ዶላር ታወጫለሽ? እናትሽን ይዘሽ፣ ትንሽ ድፎ ዳቦ ይዘሽ፣ ሴትዮዋን አንኳኪያቸው። የካቲት ላይ ከጎን የወጣችውን ልጅ ከነሥሯ በአካፋ ቆርጠሽ ታመጫለሽ። ብቻ መጀመሪያ ልጅየዋ ከዋናው ሥር መሆኗን አረጋግጪ፣ የተዳቀለ ከሆነ የምታመጪው ዶክተር ሂዩይን ነው።

ቡናዬ ቨርጂኒያ
ጋሼ፣ እናትየው በዓመት ሦስት ሳምንት ብቻ አይታ ትጠግባለች? እኔ አሁንም ሴንቲሜንታል ነው የምለው። አጥር ላይ የሚወጣ ከፈለገች ደግሞ ፎርዝ ኦፍ ጁላይ አለ፣ እሱም ቀይና ነጭ ነው፣ የ1999 ተሸላሚ፣ እሱም ይደጋግማል።

ጋሽ አትክልተኛ
ልጄ፣ አደይ አበባም በዓመት አንዴ ነው። ማን ሰለቸው?

ፌቨን ፌርፋክስ
ጋሼ ይባረኩ። ለጠያቂዋ፦ ከመግዛትሽ በፊት እናትሽን ዊተን ያለው ብሩክሳይድ ጋርደንስ ውሰጃቸው፣ ለናንተ ቅርብ ነው፣ መግቢያውም ነፃ ነው። የጽጌረዳ ቦታ አለው። ስማቸው ተጽፎ ስለሚቆም የወደዱትን ፎቶ ማንሳት ነው። አርሊንግተን ባን ኤር ፓርክም አለ። ግንቦት አጋማሽ ላይ ሂዱ።

አልማዝ ዲሲ
እግረ መንገዴን፣ ጤና አዳም ችግኝ የት ይገኛል? የኔ ደረቀብኝ። ኮሰረትም ካለ።

ፌቨን ፌርፋክስ
አንዳንድ የሐበሻ ሱቆች ከሚያዝያ ጀምሮ በር ላይ ያወጣሉ። ጤና አዳም ብርዱን ይችላል፣ ውኃ አብዝተሽበት ይሆናል የደረቀው። ኮሰረት ግን ውርጭ አይችልም፣ ጥቅምት ላይ ቤት ማስገባት አለብሽ።

አልማዝ ዲሲ
ልክ ነሽ፣ በየቀኑ ነበር የማጠጣው። ቡና ላይ ያለ ጤና አዳም አይሆንልኝም እኮ።

ሰሚት 2
እዚህ በነፃ ነው ጎረቤት የሚሰጠው 😄

ዝም አልልም
አንተን ሻንጣ ውስጥ ከትተው ቢያመጡህ ነው የሚሻለው።

ቡናዬ ቨርጂኒያ
አንድ ነገር ሳልረሳ። ከየትም ብትገዢ፣ አዲስ የወጣው ለጋ ከመጠን በላይ ቀይ ሆኖ እንደ መጥረጊያ ተጨናንቆ፣ እሾሁም የበዛ ከሆነ እንዳትገዢ። ሮዝ ሮዜት የሚባል በሽታ ነው፣ በዓይን የማትታይ መዥገር መሳይ ነገር በነፋስ ታመጣዋለች፣ መድኃኒት የለውም። ጎረቤትሽም ጋ ካለ ሥሩን ነቅሎ መጣል ብቻ ነው። እኔ አንዱን እንዲህ አጥቻለሁ፣ ይድናል ብዬ አንድ በጋ ሙሉ ስጠብቅ ለጎኑም አስተላለፈ።

ተቃጥያለሁ
ጋሼ፣ አሁን ሄጄ አየሁት። ቋጠሮው አለ፣ ሁሉም የመጣው ከታች ነው። ልነቅለው ነበር፣ ባለቤቴ ግን ቀዩን ለምዶታል፣ አይነቀልም አለ። እዚያው ይቁም እንግዲህ። 45 ዶላሬን ግን አልረሳም።

የእማዬ ልጅ
ሁሉንም ለእማዬ አነበብኩላት። ስለ ዶክተር ሂዩይ ስትሰማ በጣም ሳቀች፣ "የእንጀራ ልጅ ቤት ወረሰ" አለች። መጨረሻ ላይ "ጤና አዳሙን የት ነው ያሉት?" ብላ ጠየቀችኝ።

ማሚ ጋይተርስበርግ
ሰውዬው ጋ አለ! ነግሬያችሁ የለ?

ዝም አልልም
ዝንጉርጉሩስ?

ማሚ ጋይተርስበርግ
ቅዳሜ ስሄድ እጠይቀዋለሁ።