ሊትሪም ከደብሊን ጋር እኩል ይወዳደራል እንዴ?

የሊትሪሟ እናት
ሰላም ለሁላችሁ። አየርላንድ፣ ሊትሪም የምትባል አውራጃ ነው የምንኖረው፤ እዚህ እያንዳንዱ አውራጃ የራሱ ቡድን አለው። የ12 ዓመት ልጄ ኳስ ሲባል የሚያውቀው ጌሊክ ፉትቦልን ነው፤ በእጅም በእግርም የሚጫወቱትን። እኔም ሜዳ ዳር ብርድ ሲፈጀኝ ከርሜ ይኸው ለመድኩት።

የምሠራው መጦሪያ ቤት ነው። አንድ አባት አሉ፣ 1994ን (በፈረንጅ ነው) ሳያነሱ ቁርሳቸውን አይጨርሱም። ሊትሪም የኮናክትን (የምዕራብ አየርላንድ ክፍለ ሀገራችን ነው) ዋንጫ የበላው ያኔ ነው። ከዚያ በፊት በ1927። በቃ፣ ሁለት ጊዜ። በዚያው በ1994 በመላ አየርላንድ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ላይ ደብሊን አራገፋቸው። በ2023 ደግሞ ኒውዮርክ ድረስ ሄደው እዚያ ባለው የአየርላንዳውያን ቡድን በመለያ ምት ተሸንፈው መጡ። ልጄ አለቀሰ።

ደብሊን ከ2015 እስከ 2020 የመላ አየርላንድን ዋንጫ ስድስት ጊዜ በተከታታይ ወሰደ። እኛ 35 ሺህ ሰው ነን፣ እነሱ ከ1.4 ሚሊዮን በላይ። የሕዝቡስ ይሁን። ግን ተጫዋቾቹ ደሞዝ የላቸውም፣ እንደ እንግሊዝ ኳስ ተጫዋች አይገዛም። ታዲያ ሁሉም ሰው “የደብሊን ገንዘብ፣ የደብሊን ገንዘብ” የሚለው ምኑን ነው?

ብላንቻርድስታውን
እህቴ፣ እኔ የምኖረው ደብሊን ነው። ብሩ ተጫዋች ኪስ አልገባም። አሰልጣኝ ላይ ነው የዋለው። ስፖርቱን የሚመራው ጂኤኤ ለልጆች ማሰልጠኛ ከሚያወጣው ላይ ለደብሊን ለዓመታት በየዓመቱ ከአንድ ሚሊዮን ዩሮ በላይ ሰጥቷል። የመንግሥት ገንዘብም አለበት። ክለቦች በዚያ ባለደሞዝ አሰልጣኝ ቀጠሩ፤ ከፊሉን ክለቡ ይከፍላል፣ ከፊሉን ድጎማው። የኔ ልጅ ትምህርት ቤት በየሳምንቱ የሚመጣው እንዲህ ያለ ሰው ነው። ሥራው ይኸው ነው፣ ሌላ የለውም።

ሕዝብ ብዛት ብቻውን አይደለም። ደብሊን ከ1995 በኋላ እስከ 2011 የመላ አየርላንድን ዋንጫ አላየም። ያኔ ሰው አጥቶ ነበር?

ከኬሪ
ኧረ ገንዘብ ገንዘብ አትበሉ። ኬሪ 156 ሺህ ሰው ይዞ 39 ዋንጫ አለው፣ የመጨረሻውን በ2025 ነው የወሰደው። እዚህ ልጅ ዳዴ ሳይል ኳስ ይሰጠዋል። ባህል ነው።

የሊትሪሟ እናት
የኬሪው ወንድሜ፣ ባህልህን አልነካሁም። ግን 39 ዋንጫ ያለው ሰው ለእኛ ስለ ድህነት አያወራም።

ብላንቻርድስታውን፣ አሁን ገባኝ። የልጄ አሰልጣኝ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ኳሶቹን መኪናው ውስጥ ጭኖ፣ ምሳውን ሳይበላ እየሮጠ ይመጣል። ሳንቲም አይከፈለውም። ሥራ ከበዛበት ልምምድ የለም። እኛ ጋ ሜዳው ርቆ ልጁ ጥቂት፣ እናንተ ጋ ልጁ ሞልቶ አሰልጣኙ ባለደሞዝ። ላለው ይጨመርለታል ማለት ይኼ አይደል? እኔ ብሆን መጀመሪያ የምቀጥረው ሊትሪም ነበር። የደብሊን ቡድን ለሁለት ይከፈል የሚሉስ?

ብላንቻርድስታውን
ልጄ ሰማያዊውን ማልያዋን ለሁለት ልቅደድላት? ከሚሊዮን ለሚበልጥ ሰው 15 ተጫዋች ብቻ ነው ሜዳ የሚገባው፣ ሌላው ወንበር ላይም አይደርስም። ግን ትልቁን የጂኤኤ ስታዲየም፣ ክሮክ ፓርክን፣ እንደ ግል ሜዳ መያዛችን ልክ አይደለም፤ እሱን አምናለሁ።

ደግሞ ደብሊን ሁሌ አያሸንፍም። የሌንስተርን (የምሥራቁ ክፍለ ሀገራችን ነው) ዋንጫ ከ2011 እስከ 2024 አሥራ አራት ጊዜ ጠቅልሎ በላ። በ2025 ሚዝ ጣለው፣ ዋንጫውን ላውዝ ወሰደ። ከ1957 በኋላ የመጀመሪያው!

የሊትሪሟ እናት
ዛሬ ጠዋት ለአባታችን የላውዝን ነገር ነገርኳቸው። ማንኪያውን አስቀምጠው በጣታቸው ቆጠሩ። “68 ዓመት ጠበቁ። እኛ ከ1927 እስከ 1994 የጠበቅነው 67 ነው” አሉኝ። “በአንድ ዓመት እንበልጣቸዋለን።”